ቁጥብ ማን ነው?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እዚህ ሐርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ያለው ጎረቤታችን ጫት አይቅምም። ቁጥብ ይባላል?

ጋሼ፦ ጭራሽ ካልቀመሰው ምኑን ቆጠበ? ጠልቶት ሊሆን ይችላል፤ ኪሱም አልፈቀደ ይሆናል። ቁጥብ የምንለው እየወደደ፣ እየቻለ «ይብቃኝ» የሚለውን ነው። የአወዳይ ጫት ሐርጌሳ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲሻማ፣ አንድ እስር ይዞ ቤቱ የሚገባው እሱ ነው።

ወጣቱ፦ ጿሚስ?

ጋሼ፦ ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም፣ ሁዳዴን የሚጾም ክርስቲያን ልኩን ሃይማኖቱ ሰጥቶታል፤ ታዛዥ ነው። ሲያፈጥር ገበታ ሞልቶ ሳለ ጥቂት ጎርሶ እጁን የሚሰበስበው ግን ልኩን ራሱ አበጀ፤ ቁጥብ በለው።

ወጣቱ፦ ንፉግም እኮ ገንዘቡን አይበላም።

ጋሼ፦ እንግዳ ሲመጣ ይለያሉ። ቁጥብ ከራሱ ይቀንሳል፣ ንፉግ ከእንግዳው።

ወጣቱ፦ ለመብልና ለመጠጥ ብቻ ነው?

ጋሼ፦ ንግግረ ቁጥብ እንል የለ? ለሥልጣንም ይሆናል። እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ስትመርጥ አህመድ ሲላንዮ በዳሂር ራያሌ ተሸነፉ። ምርጫ ኮሚሽኑ ያወጀው ልዩነት 80 ድምፅ ነበር፤ ለሁለቱ የተሰጠው ከ400 ሺህ በላይ ሆኖ! ሲላንዮ ከ1984 እስከ 1990 ዚያድ ባሬን የተዋጋውን አማፂ ቡድን ኤስኤንኤምን የመሩ ናቸው፤ ጠመንጃ የሚያነሣላቸው ሰው አያጡም ነበር። ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ፣ አንገራግረው ተቀበሉ።

ወጣቱ፦ ፈርተው ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ልብን ማን ያያል? ሽማግሌም ጎትጉቷቸዋል። እኔ የማየው ሊያደርጉት የሚችሉትን መተዋቸውን ነው። በ2010 ደግሞ አሸነፉና ራያሌ አስረከቧቸው።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ሲላንዮ ቁጥብ መሪ ነበሩ ማለት ነው።

ጋሼ፦ ቀስ በል! በ2015 የሥልጣን ዘመናቸው ሲያበቃ የሽማግሌዎች ምክር ቤቱ አራዘመላቸው፤ እሳቸውም ምርጫው እስከተደረገበት እስከ 2017 ቆዩ።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

ጋሼ፦ በ2003 ቁጥብ ነበሩ በል፣ ዓመተ ምሕረቱን ሳትጥል። ለአንድ ቀን ሥራ የዕድሜ ልክ ስም አትስጥ፤ ጎረቤትህም ላይ እንዲሁ።