ሞተር ብስክሌት አልነሣ ሲል ጥፋቱ የባትሪው ነውን?

ሞተር ብስክሌት አልነሣ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው በባትሪው ላይ ይፈርዳል። ሻጩም ሳይመረምር በዐዲስ ቢለውጥ፣ ጥፋቱ ከሌላ ሥፍራ ከሆነ ያው ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ኪሣራውም በሱቁ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምርመራው በተራ ሊሆን ይገባል።

1ኛ/ የባትሪው ራሶች ከዝገት መጽዳታቸውንና ገመዶቹ መጥበቃቸውን ማየት።

2ኛ/ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር መለካት። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.6 ያህል ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ አስቀድሞ ይሞላ።

3ኛ/ የሞላው ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 ቮልት እጅግ ዝቅ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው በኀይል እየዞረ ሞተሩ ባይነሣ ግን ካንዴላውና ቤንዚኑ ይመርመሩ።

4ኛ/ ሞተሩ ተነሥቶ በመጠነኛ ፍጥነት ሲሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ሊታይ ይገባል። ካነሰ ዲናሞው ወይም ረጉላተሩ ይጠረጠራል፤ ከ15 ካለፈ ረጉላተሩ ባትሪውን ያበላሸዋል። በዚህ ጊዜ ዐዲስ ባትሪ መግጠም ገንዘብ ማጥፋት ነው።

በመጋዘን የተቀመጠ ባትሪም ሳይሠራ ኀይሉን ያጣልና፣ አስመጪው በየጊዜው እየለካ ቢሞላው ዕቃውም ስሙም ይጠበቅለታል።