ኒውትን በቤት ማኖር

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ በ«እንዳይ» ወይም በ«እንዳት» የሚጀምሩትን ግሶች ልብ በሉ።

ምንባብ

ኒውት ስትታይ እንሽላሊት ትመስላለች፤ ዝምድናዋ ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። ቅርፊት የሌለው እርጥብ ቆዳዋ ለመተንፈስም ስለሚያገለግላት፣ ቢደርቅ ወይም ሳሙና ቢነካው ትጎዳለች።

ሻካራ ቆዳ ያላት የኒውት ዝርያ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ትኖራለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆድዋ ብርቱካንማ ነው። ጠላት ሲቀርባት ራስዋንና ጅራትዋን ወደ ላይ ቀልብሳ የሆድዋን ቀለም ታሳያለች። ማስጠንቀቂያዋ ከንቱ አይደለም፤ በቆዳዋ ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የተባለ፣ ነርቭን የሚያሽመደምድ ብርቱ መርዝ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በኦሬገን አንድ የ29 ዓመት ሰው በጓደኞቹ ተገፋፍቶ አንዲት ኒውት ዋጠ፤ በዚያው ቀን ሞተ።

ስለዚህ ኒውትን የሚያኖር ሰው ያለ በቂ ምክንያት አይነካትም። መንካት ግድ ቢሆንበት፣ ቆዳዋ እንዳይጎዳ እጁን በንጹሕ ውሃ አርጥቦ በቀስታ ያነሣታል። መርዙ በአፍ፣ በዓይን ወይም በቁስል እንዳይገባ፣ እጁን በሳሙና እስኪታጠብ ድረስ ፊቱን አይነካም። እንዳታመልጥ የመስተዋት ገንዳዋን ይከድናል፤ ውሃው እንዳይሞቅ ገንዳውን ከፀሐይ ያርቃል፤ ምግብ እንዳይበከል ገንዳውን በወጥ ቤት አያጥብም።

ቢሰለቻትም ወደ ወንዝ አይለቃትም። ከእስያ እንደ መጣ የሚታመን አንድ የቆዳ ፈንገስ በኔዘርላንድስ የእሳት ሳላማንደር የተባለውን እንስሳ ሊፈጀው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የፈንገሱ ማንነት በ2013 ከታወቀ በኋላ፣ አሜሪካ በ2016 የ201 ዝርያዎችን ወደ አገር መግባት ከለከለች።

ማስታወሻ

«ውሃው እንዳይሞቅ ገንዳውን ከፀሐይ ያርቃል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ውሃው እንዳይሞቅ» የሚለው ጥገኛ ሐረግ ሊሆን የማይፈለገውን ነገር ይገልጣል፤ ዋናው ሐረግ ደግሞ መከላከያውን ያመለክታል። መመሪያ ስትጽፉ ምክንያቱን ከትእዛዙ ጋር አያይዙ፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ትእዛዝ በቀላሉ ይዘነጋል።

መልመጃ

1. ኒውትን በደረቅ ወይም ሳሙና በነካው እጅ መያዝ ለምን ይጎዳታል?
2. «ማስጠንቀቂያዋ ከንቱ አይደለም» የተባለበትን ምክንያት ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ።
3. የሚከተሉትን በ«እንዳይ» ወይም በ«እንዳት» አያይዛችሁ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር መሥርቱ።
   ሀ. ላሟ ታመልጣለች። በረቱን ይዘጋል።
   ለ. ወተቱ ይበላሻል። ዕቃውን ታጥናለች።
4. በአካባቢያችሁ ስለሚገኝ አንድ የቤት እንስሳ አያያዝ፣ ለእንስሳውም ለሰውም ደኅንነት የሚጠቅም የአንድ አንቀጽ መመሪያ ጻፉ።