ሥዕሉ ከወረደ በኋላ

(ቦታው በካፋ ሺሺንዳ ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በባህልና በሥነ ጥበብ ሥራ አሳልፈው በጡረታ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰዋል። ወጣቷ ሥዕል ተምራ የተመረቀች ናት፤ በአንድ አዲስ የባህል ማዕከል የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ሆና ተቀጥራለች። የካፋን ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮን ከቤተሰቧ ጋር አክብራ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት ምክር ፈልጋ መጥታለች።)

ወጣቷ፡- ጋሼ፣ እንግዲህ ሥራ ልጀምር ነው። ከምን ልነሣ?

ሽማግሌው፡- አንቺ ምን አሰብሽ?

ወጣቷ፡- አንድ ትልቅ ዐውደ ርዕይ ልከፍት። ብዙ ሠዓሊዎች ጋብዤ፣ ሚኒስትር ጠርቼ፣ አዳራሹን ሞቅ አድርጌ…

ሽማግሌው፡- በይ እዚያው ላይ ቁሚ። ሁሉም በመክፈቻ ነው የሚጀምረው። ሪባን ይቆረጣል፣ የክብር እንግዳው ሁለት ሥዕል አይቶ ወደ መስተንግዶው ይሄዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ጥበቃው ብቻ ነው። በወሩስ? ከሥዕሎቹ ግማሹ ሠዓሊው ቤት ተመልሷል፣ አንድ ሁለቱ የአለቃው ቢሮ ገብተዋል፣ የቀረው ደረጃ ሥር ከመጥረጊያና ከተሰበረ ወንበር ጋር ተደግፏል። ማን ሣለው? መቼ? በምን ቀለም? ለማን ተሰጠ? የሚያውቅ የለም። እኔ የምልሽ፣ የሥነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ ሥራ የሚጀምረው ሥዕሉ ከግድግዳ ከወረደ በኋላ ነው።

ወጣቷ፡- ታዲያ የኃላፊው ዋና ሥራ መዝገብ መያዝ ነው እያሉኝ ነው?

ሽማግሌው፡- መዝገብ ስትዪው ቀለለብሽ። እኛ አገር ሠዓሊ አንሶ አያውቅም። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ተማሪ አላጡም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ እዚያው አስተማረ፤ እስክንድር ቦጎሲያንም ከፓሪስ መጥቶ አስተማረ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ፖስተርና ባነር ተሣለ፤ ደርግ ሄደ። ሠዓሊው አልጠፋም፤ የጠፋው መዝገቡ ነው።

የገብረ ክርስቶስን ነገር ግን ላጫውትሽ። ኮሎኝ ተምሮ መጣ፣ ረቂቅ ሥዕል ይዞ ሕዝብ ፊት ቆመ፣ ብዙ ተባለበት። በኋላ ተሰደደና በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ዐረፈ። እሱ ሲሞት ሥራው አንዱ እዚህ፣ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ሰው ቤት ተበትኖ ነበር። ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ የሚጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የተከፈተው። ሊከፈት የቻለው ጀርመን አገር የነበሩት ሥዕሎቹ ስለተመለሱ ነው። የተመለሱትም እዚያ ተጠብቀው ስለቆዩ ነው። ለቅሶና ንግግር ሥዕል አይመልስም።

የእስክንድር ደግሞ ይብሳል። «የጁጁ ሠርግ» የምትባለው የ1964 እ.ኤ.አ. ሥራው ኒው ዮርክ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ትገኛለች። በምን እንደተሠራች ታውቂያለሽ? በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ! ቴምፔራና የብረት ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ካርቶን እኛ መጋዘን ቢገባ ኖሮ የጽዳት ሠራተኛዋ ከቆሻሻ ጋር አብራ ታወጣው ነበር፤ እሷ ላይ አልፈርድም፣ ማን ነገራት? እዚያ ግን ቁጥር አላት፣ ልኬቷ ተጽፏል፣ ቀለሟ ተጽፏል። ካርቶኗን ያከበራት መዝገቡ ነው።

ወጣቷ፡- አሁን ግን ጊዜው ተለውጧል ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ፓቪልዮን ከፍታለች፤ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው ያቀረበው።

ሽማግሌው፡- አውቃለሁ፤ ኩሬተሩም ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ማን ደስ አይለው? ነገር ግን ሥዕል ድንበር የሚሻገረው በምን ይመስልሻል? በወረቀት ነው። ርዕስ፣ ልኬት፣ ዓመት፣ ዋጋ፣ የመድን ወረቀት፣ ከፊትም ከጀርባም የተነሣ ፎቶግራፍ። አንቺ ጋ ያለ ሥዕል ነገ ቬኒስ ቢጠራ ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ከየት ታመጪዋለሽ? ከእኛ አገር ሥዕል ይዞ መውጣት የፈለገ ሰውም ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠየቃል።

ወጣቷ፡- እርስዎ ኃላፊ በነበሩ ጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር?

ሽማግሌው፡- አደርግ ነበር፤ ያደረግሁትም ነው ያስጠላኝ። የባዶውን ግድግዳ ታሪክ ሰምተሻል? አልሰማሽም። እዚህ አገር ሁሉም የሰማው በተጣመመ መንገድ ነው፤ እኔ ልንገርሽ።

በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ለበዓል ዐውደ ርዕይ እያሰናዳሁ ነበር። አራት ግድግዳ አለ። በምሥራቅ በኩል ያለው ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ቀዘቀዘኝ፤ ቀለሙ ጥግ ጥጉን አብጧል። ከጀርባው የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ያልፋል። እርጥበት መለኪያ ነበረችኝ፣ በራሴ ገንዘብ የገዛኋት፤ ከግድግዳው አጠገብ ሳደርጋት ከ70 በመቶ በላይ አነበበች። ለሸራ ሥዕል ከ45 እስከ 55 ቢሆን ነው ደኅናው፤ ከ65 ካለፈ ሻጋታ ይጠራል። እንግዲህ ምን ላድርግ? ቧንቧው እንዲጠገን በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ መልስ አልመጣም። ሰው አምኖ የሰጠኝን ሥዕል በስብሶ አልመልስለትም አልኩና ግድግዳውን ባዶ ተውኩት።

የክብር እንግዳው ገባ። ሦስቱን ግድግዳ አላየም፤ ዓይኑ ባዶው ላይ ሄዶ ተተከለ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። አለቃዬን ላብ አጠመቀው። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አንዱ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። አንዱ ተነሥቶ «ለተሰደደ ሠዓሊ መታሰቢያ ነው የተወው፤ መልእክት አለበት» አለ። ሌላው «ከሠዓሊዎቹ ጋር በክፍያ ተጣልቶ ነው» አለ። ሦስተኛው፣ አብሮኝ ምሳ የሚበላ ሰው፣ «እዚያ ላይ ሥዕል ነበር፤ ሸጦት ነው» አለ። የተያዘው የመጨረሻው ነው! ያልነበረ ሥዕል ሸጠሃል ተባልኩ። «ሞዴል 19 አውጡ፣ ገቢ የሆነውን ቁጠሩ፤ ሞዴል 22 አውጡ፣ ወጪ የሆነውን ቁጠሩ» አልኳቸው። ማን ይቁጠር?

ወጣቷ፡- ጋሼ፣ የበጀቱን ነገር ደግሞ…

ሽማግሌው፡- ቆይ፣ አልጨረስኩም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ግድግዳው ላለመሸፈኑ አጥጋቢ ምክንያት ባለማቅረብዎ» ይላል። የቧንቧውን ፎቶግራፍና የመለኪያውን ንባብ አያይዤ መለስኩ። መልሴ በግል ማኅደሬ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ይባስ ብሎ አንድ ጋዜጠኛ ዐውደ ርዕዩን አይቶ ሲጽፍ ከሁሉ የበለጠው ሥራ ያ ባዶ ግድግዳ እንደሆነ፣ የዘመኑን ዝምታ እንደሚናገር አተተ። አመስጋኜም ከሳሼም እኩል አልገባቸውም! ግድግዳው እርጥብ ነበር፤ በቃ፣ እርጥብ ነበር። በተከታዩ ዓመት እኔን የተካው ሰው እዚያው ላይ ሁለት ሸራ ሰቀለ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጀርባቸው አረንጓዴ ሆነ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልጠበቅሁም። እንዲያው ለነገሩ ነው።

እዚህ እኛ አገር ደግሞ ዝናቡን ታውቂዋለሽ፤ በካፋ እርጥበት የሌለው ግድግዳ መፈለግ ራሱ ሙያ ነው። ቦንጋ ላይ ሥዕል ልታሳዪ ብትመጪ ከሸራው ጀርባ በአራቱ ማዕዘን የቡሽ ቁራጭ ለጥፊ፤ አየር ይለፍበት። መሬት ላይ አታስቀምጪ። ፕላስቲክ ጠቅልለሽ አትተዪው፣ ያፍነዋል። ይህን ማስተማር ያለብሽ ለዘበኛውና ለጽዳት ሠራተኛዋ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው፣ የማዕከሉ ቦርድ አይደለም።

ወጣቷ፡- እሺ። በጀቱስ?

ሽማግሌው፡- ከመስተንግዶው ቆርጠሽ ለካታሎግ ስጪ። ለሠዓሊውም ክፈዪው፤ «ስምህን እናስተዋውቅልሃለን» ብለሽ አታታልዪው። ደግሞ ውል ይኑርሽ። የቅጂ መብቱን አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንብቢ፤ ሸራውን የገዛ ሰው በካላንደርና በቲሸርት የማባዛት መብቱን አብሮ አልገዛም። ማዕከልሽ ራሱ የመጀመሪያው ሌባ እንዳይሆን ተጠንቀቂ።

ወጣቷ፡- ከአሁኖቹ ተቋማት ማንን ልይ?

ሽማግሌው፡- መካኒሳ ሂጂና ዞማን እዪ። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው ያቆሙት፤ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ። እሷ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ናት፤ ገጠር ለገጠር ዞረው ጭቃና ጭድ እንዴት እንደሚቦካ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ተምረው ግድግዳውን በዚያ አነሡት። ኤልያስ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦ ከመርካቶ እየለቀመ ነው የሚሠራው። እኔን የሚያስቀናኝ ዝናቸው አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያውቅ ፈልገው መያዛቸው ነው። ካዛንቺስ የነበረውን ፈንድቃንም አስቢ። መላኩ በላይ አዝማሪ ቤቱን የባህል ማዕከል አድርጎት፣ ሥዕል ይሰቀልበት፣ ግጥም ይነበብበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም ተነሣ። ቤት ይፈርሳል ልጄ፤ ያንቺም ሊፈርስ ይችላል። ያኔ ይዘሽው የምትወጪው ምን ይሆን? ለዚህ ነው የመዝገቡ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ የምልሽ።

ወጣቷ፡- ካፋንስ ልረሳት ነው? ከዚህ ምን ይዤ ልሂድ?

ሽማግሌው፡- መጠየቅ የነበረብሽ ይህን ነበር። ንጉሣችን ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተያዘ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1905፣ ቢበር የሚባል ኦስትሪያዊ እዚህ መጥቶ ነበር። ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ ጦር፣ ጋሻ፣ የቤት ዕቃ ሰበሰበ፤ ስለ ካፋ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ዕቃው ዛሬ ቪየና ነው። የአያቶቻችንን ጋሻ ለማየት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ የልጅ ልጅ ሊኖረን ነው ማለት ነው! መናደድ ትችያለሽ፤ እኔም ተናድጃለሁ። ነገር ግን ሰውየው የሰበሰበውን ዕቃ ማን እንደሠራው ጻፈ ወይ ብዬ እሱን ከመጠየቄ በፊት፣ እኛስ ጽፈን እናውቃለን? ሸክላ የምትሠራዋን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ስንንቅ ነው የኖርነው። ጀበናዋን ከምድጃችን እንጥዳለን፤ እሷን ግን ከደጃፍ አናሳልፍም ነበር፤ ኩባያ ለብቻ ነበረላት። የእኔም ቤት እንደዚያ ነበር። ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ፣ ቡናችንን ዓለም ያውቀዋል፤ ቡናውን የምንጠጣበትን ሸክላ ያበጀችው እጅ ግን ስም የላትም።

ወጣቷ፡- እንግዲያው የሸክላ ዐውደ ርዕይ ላዘጋጅ?

ሽማግሌው፡- ተመለሽ ወደ ዐውደ ርዕይ! መጀመሪያ ግዢ። ወደ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት ገበያ ውጪና ከሠሪዋ እጅ አንድ ጀበና ግዢ። ስሟን ከነአባቷ፣ ቀበሌዋን፣ ጭቃውን ከየት እንደቆፈረችው፣ በምን እንጨት እንደተኮሰችው፣ ከማን እንደተማረች፣ የተቀበለችውን ብር ጻፊ። ፎቶግራፏን ከጀበናው ጋር አንሺ፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ። የመዝገብሽ ቁጥር 1 እሷ ትሁን።

ወጣቷ፡- የእኛ ፋይናንስ ደረሰኝ ካላመጣሽ አይወራረድም ይላል።

ሽማግሌው፡- ደረሰኝ ከየት ታምጣ? ሦስት ሰው አስፈርመሽ ቃለ ጉባኤ ያዢ።

ወጣቷ፡- እሱንም ቢከለክሉኝስ?

ሽማግሌው፡- ከልካዩ በጽሑፍ ይከልክልሽ። ደብዳቤ ጻፊ፣ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ገቢ መዝገብ ላይ አስፈርሚ። አንድ ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ።