ትራስ ሥር ያደረ ስልክ

ጥያቄ፦ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ባለቤቴ «ጨረሩ ካንሰር ያመጣብሻል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ስልክ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንደ ኤክስሬይ ዘረመልን የሚሰብር ጉልበት የለውም፤ የተረጋገጠው ውጤቱ የሰውነትን ሕዋስ በጥቂቱ ማሞቅ ብቻ ነው።

ባልየው ግን ፍርሃቱን ከሜዳ አላፈሰውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሞገዱን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ ከተተው። በወቅቱ ማስረጃው ውስን ነበር፤ እዚያው ምድብ ውስጥ በእስያ ባህላዊ ዘዴ በጨው የሚዘፈዘፍ አትክልትም አለ! በ2024 ይፋ የሆነው፣ ድርጅቱ ያስጠናው የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ስልክን ከአንጎል ካንሰር ጋር የሚያያይዝ ነገር አላገኘም።

በስልክ ሞገድ ላይ ያለው ቁጥጥርም ቀልድ አይደለም። በመስከረም 2023 ፈረንሳይ የአይፎን 12ን ሽያጭ አገደች። በእጅ ተይዞ ወይም ኪስ ውስጥ ሆኖ ሲለካ፣ ሰውነት የሚቀበለው ኃይል በኪሎግራም 5.74 ዋት ደረሰ፤ የአውሮፓ ጣሪያ 4 ነው። አፕል በመለኪያው ስልት ባይስማማም ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ወደ ገበያው ተመለሰ። ጣሪያው ራሱ ጉዳት ከሚጀምርበት መጠን በብዙ እጥፍ ዝቅ ተደርጎ የተወሰነ ነው።

ስጋት የማይለቀው ሰው በማዳመጫ ያውራ፤ ርቀት ሞገዱን በፍጥነት ያዳክመዋል። ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ጉልበት ስለሚጨምር፣ ያኔ ረጅም ወሬ ይቅር። ትራስ ሥር ያለው ዋነኛ አደጋ ግን ሌላ ነው፦ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ይችላል።