ሣሩ ሳይገረጅፍ፦ የደጋ ድርቆሽ ደረጃ በደረጃ

በደጋው አገር አብዛኛው ድርቆሽ ዘግይቶ ይታጨዳል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀም፣ ከጥቅምት ወዲያ ደግሞ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እህሉ ይዞራል። በዚህ መሃል ሣሩ «ትንሽ ይጨምር» እየተባለ ይከርማል። እውነትም ይጨምራል፤ ቁመቱ ይረዝማል፣ ሸክሙም ይበዛል። ላሟ ከዚያ ሸክም የምታገኘው ግን በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሣር ፍሬ ሲይዝ በቅጠሉ የነበረው ጉልበት ወደ ዘሩ ይሸሻል፣ አገዳው ይገረጅፋል። የመኖ ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በጨጓራዋ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ የበላችው ቶሎ ስለማይፈጭላት ሆዷ እንደሞላ ትከሳለች። ኅዳር ላይ የታጨደ የመስክ ሣር ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው።

የሚከተለው ጥቂት ከብት ላለው ገበሬና በከተማ ዳር ወተት ለሚያልብ ሰው ነው። ማጭድ፣ መንሽ፣ የጣውላ ሣጥንና ገመድ ካለ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የሚያስፈልገውን ያስሉ

250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች፤ ይህም ወደ 6 ኪሎ ከሩብ ነው። በደህና የደረቀ ድርቆሽ ውስጥ 15 በመቶ ያህል ውኃ ስለሚቀር፣ በሚዛን 7 ኪሎ ከምናምን ይመጣል። ለ120 የበጋ ቀናት 880 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የጤፍ ጭድ ወይም የገብስ ገለባ ካለዎት ከዚህ ይቀንሱ፤ ላሟ የምትታለብ ከሆነ ደግሞ ይጨምሩ።

ሦስት አራተኛው ውኃ የሆነ 1,000 ኪሎ እርጥብ ሣር ሲደርቅ 300 ኪሎ እንኳ አይሞላም። መስኩን በዓይን ለክቶ «ይበቃኛል» የሚል ሰው ሚያዝያ ላይ ድርቆሽ ፍለጋ ገበያ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ መስኩን ይከልሉ

ክረምቱ እንደገባ ከብቱን ያስወጡ። ድንጋዩን ይልቀሙ፣ የተከማቸ እበት ካለ ይበትኑ፣ እሾሁን ይንቀሉ። መሬቱ የወል ከሆነ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው፤ ለብቻ የከለሉት መስክ በአንድ ሌሊት ተግጦ ሊያድር ይችላል። ለወል ክልከላ ከመንዝ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዚያ ያለው የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው አገር በቀል ሥርዓት ለዓመታት እየተዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየተከፈተ ለዘመናት ተጠብቋል። እዚያ ሣሩ በዋነኛነት ለቤት ክዳን ነበር፤ ሕጉ ግን ለድርቆሽም ይሠራል።

ደረጃ 3፦ በውስጡ ያለውን ይለዩ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ይዙሩት። «ሣር» የምንለው አንድ ነገር አይደለም፤ ድርቆሹ የሚወጣውም ከድብልቁ ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ማገጥን ይፈልጉ። ሦስት ቅጠል በአንድ ላይ፣ አበባው ክብ ሆኖ ሐምራዊ ወይም ነጭ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚህ አገር ውጭ አይበቅሉም። ጥቁር መሬትና ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ይስማማቸዋል። በሥራቸው ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ከአየር ናይትሮጂን ስለሚይዙ ቅጠላቸው ከሣሩ ይበልጥ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ማገጥ በብዛት የገባበት ድርቆሽ ለምትታለብ ላምና ለጥጃ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ሰርዶ ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይበቅላል፣ ቅጠሉ ብዙ ስለሆነ ጥሩ ድርቆሽ ይወጣዋል። ሙጃ በእህል ማሳ ውስጥ ጠላት ነው፤ በለጋነቱ ታጭዶ ከብት ፊት ሲቀርብ ግን ማንም አያማርርበትም። ሰምበሌጥ ከፍ ብሎ ዓይን ይሞላል። አበባ ሳያወጣ ከታጨደ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ለቤት ክዳን ቢውል ይሻላል። አክርማም እንዲሁ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጉቶ ላይ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ነው፤ ከብት ይዞረዋል እንጂ አይነካውም። ለስፌት ለሚፈልጉት እናቶች ይተዉላቸው።

ረግረጉ ዳር ያለው ቀጤማ ሣር ይመስላል እንጂ አይደለም። አገዳውን በሁለት ጣት መሃል ያሽከርክሩት፤ የሣር አገዳ ድቡልቡል ሆኖ አንጓ አለው፣ የቀጤማው ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጣትን ይቆረቁራል። ከሣር ያነሰ መኖ ነው፤ ሲደርቅም ይዘገያል። ለበዓል ጉዝጓዝ ይሁን፣ ከድርቆሹ ጋር አይደባለቅ።

የሚነቀሉም አሉ። አስተናግር መርዝ ነው፤ ከብት በቁሙ ሳለ ትታው ብታልፍም፣ ደርቆ ከሣር ጋር ሲደባለቅ አትለየውም። ቅንጨ አረም ወተትን ያመርራል፣ የሰውንም ቆዳ ያሳክካል፤ አበባ ሳያወጣ ጓንት አድርጎ ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል። መስኩን ቢጫ የሚያለብሰው መጭ ለዓይን ደስ ቢልም አገዳው ወፍራም ስለሆነ ሲደርቅ ያስቸግራል፤ በጣም ከበዛ ማሳሳት ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑን አበባው ይምረጥ

ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። በመስኩ ካለው ሣር ግማሽ ያህሉ ራስ ማውጣት ሲጀምርና ማገጡ በአበባ ላይ ሲሆን ቀኑ ደርሷል። በአብዛኛው ደጋ ይህ ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል፤ እንደ ከፍታውና እንደ ዝናቡ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ራሱ ተከፍቶ፣ እጅዎን ሲያሳልፉበት ዘር የሚረግፍ ከሆነ ዘግይተዋል።

«ዝናብ ቢመታውስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። መልሱ ሁሉንም በአንድ ቀን አለማጨድ ነው። የሜትዎሮሎጂውን ትንበያ እየሰሙ፣ በሦስትና አራት ቀን ሊያደርቁ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይጣሉ። አንዱ ክፍል ዝናብ ቢያገኘው እንኳ ሌላው ይተርፋል። በእኔ ግምት አንድ ጊዜ ካፊያ የመታው ለጋ ድርቆሽ፣ ምንም ሳይነካው ከገረጀፈው ይሻላል።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ብዙዎቹ የማገጥ ዝርያዎች የአንድ ዓመት ተክል ናቸው፤ የሚቀጥለው ክረምት ማገጥ የሚበቅለው ዘንድሮ ከሚረግፈው ዘር ነው። በየዓመቱ በአበባው ላይ ሙልጭ አድርጎ ማጨድ ማገጡን ከመስኩ ያጠፋዋል። ስለዚህ ማገጥ የበዛበትን አንድ ጥግ ዘሩ እስኪረግፍ ይተዉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥግ። የተተወው በኋላ ቢታጨድ ለበሬ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ያጭዱ

ጠዛው ሲረግፍ፣ ረፋዱ ላይ ይጀምሩ። ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማጨድ ይበቃል፤ እስከ ሥሩ መላጨት መልሶ ማቆጥቆጡን ያዘገያል፣ አፈሩንም ከድርቆሹ ጋር ያነሳል። ደቦ ከተጠራ ሁሉም በአንድ ከፍታ እንዲያጭድ አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ በጨዋታ መሃል ማጭድ ወደ መሬት ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ ያድርቁ

የታጨደውን ባለበት ሳሳ አድርገው ይዘርጉት። ከሰዓት አንዴ ይገልብጡት፣ ማታ ጠዛ እንዳይጠጣ በረድፍ ይሰብስቡት። በማግሥቱ መልሰው ይዘርጉ።

የማገጥ ቅጠል ከአገዳው ቀድሞ ይደርቃል፤ እኩለ ቀን ላይ በመንሽ ከተመታ ብናኝ ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል፣ የሚሰበሰበው አገዳ ብቻ ይሆናል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ መገልበጥ ያለበት ጠዋት፣ ገና ለስለስ ብሎ ሳለ ነው። ከሚገባው በላይ ፀሐይ ላይ ማቆየትም ጉዳት ነው፤ አረንጓዴነቱ ሲሄድ ከብቷ ቪታሚን ኤ የምታገኝበት ነገር አብሮ ይሄዳል።

መድረቁን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ወስደው እንደ ገመድ ያጠንጥኑት። ከአገዳው እርጥበት ከወጣ ይቆይ። አገዳውን በጥፍር ሲፍቁት ልጡ የሚላጥ ከሆነም አልደረቀም። ልጡ እምቢ ካለ፣ ሲጨብጡት ከተንኮሻኮሸና ቅጠሉ ግን ካልተበነነ ደርሷል።

ደረጃ 7፦ ይሰሩ

ከላይና ከታች ክፍት የሆነ፣ 85 በ55 በ45 ሴንቲ ሜትር የጣውላ ሣጥን ያሠሩ። ሁለት ገመድ ከታች አንጥፈው ሣሩን እየጨመሩ በእግር ይርገጡት፤ ሲሞላ ገመዱን አጥብቀው ሣጥኑን ወደ ላይ ይምዘዙት። በደንብ የተረገጠ አንድ እስር ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ቀደም ሲል ያሰላነው 880 ኪሎ እንግዲህ 44 እስር መሆኑ ነው። ቆጥሮ ማስቀመጥ፣ ቆጥሮ ማብላት ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ይከምሩ

ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሠርተው በላዩ ይደርድሩት፤ ጣሪያ ከሌለ በገለባ ወይም በሸራ ይክደኑት። ከማድቤት ያርቁት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ረጅም የብረት ዘንግ መሃሉ ድረስ ሰክተው፣ ጥቂት አቆይተው ያውጡት። ዘንጉ ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ክምሩ ከነእርጥበቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ሳይውል ሳያድር አፍርሰው ያናፍሱት። እርጥብ ድርቆሽ ይሻግታል፣ ሲብስም በራሱ ይቃጠላል። የሻገተውን ለእርጉዝ ላም ፈጽሞ አይስጡ።

ደረጃ 9፦ ያብሉ

መሬት ላይ አይበትኑት፤ እየረገጠች ብዙውን ታባክነዋለች። ማገጥ የበዛበትን ለጥጃና ለምትታለበው፣ አገዳ የበዛበትን ለበሬ ይስጡ። የምግብ ፍላጎቷ ከቀነሰ ጥቂት የጨው ውኃ ይርጩበት።

ሰኔ ላይ አዲስ ለምለም ሲመጣ የተረፈውን ድርቆሽ ለመጨረስ አይቸኩሉ። በጠዛ የራሰ ለጋ ማገጥ በባዶ ሆድ የበላች ላም ሆዷ ይነፋል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊገድላት ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ድርቆሽ አብልተው፣ ጠዛው ከረገፈ በኋላ ያሰማሯት።