በጋራ ቋት ለሚያዝ ገንዘብ የአደጋ ምርመራውን ወጪ ማን ይክፈል?

ነጋዴ ዕቃውን ሳያይ አይገዛም፤ ዋስ ሳይዝም አያበድርም። ይህ ልማድ ከጥንት ጀምሮ የቆየና ብዙ ቤት ከኪሣራ ያዳነ ነው። በኢንተርኔት በኩል ስለሚገኘው የክሪፕቶ ገንዘብ ትርፍ ወሬ በተነሣ ጊዜ ግን ይኸው ጥንቃቄ ሲዘነጋ ይታያል። ከዚህ ዐይነት ትርፍ አንዱ «ስቴኪንግ» የሚባለው ሲሆን፥ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በአንድነት አስይዘው ትርፉን የሚካፈሉበት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ነገሩ ምን እንደ ሆነ፥ አደጋው ከየት እንደሚመጣ፥ ይልቁንም አደጋውን አስቀድሞ ለመመርመር የሚያስፈልገውን ወጪ ማን ሊከፍል እንደሚገባ ያስረዳል።

አስቀድሞ ሕጉን ማስታወስ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና ቢትኮይንን በመሳሰለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንም ሰው ወደ ቋቱ እንዲገባ አይመክርም። ነገር ግን በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ገንዘባቸውን ሊያስይዙ፥ ወደ ሱቃችንም ስለዚሁ ትርፍ የሚናገር ሰው ሊመጣ ስለሚችል፥ ነገሩን ማወቅ ካለማወቅ ይሻላል።

1ኛ/ ስቴኪንግ ምንድን ነው?

የክሪፕቶ ገንዘብ ሒሳብ የሚጻፈው በአንድ ባንክ መዝገብ ሳይሆን፥ በብዙ ኮምፒውተሮች ዘንድ በሚገኝ አንድ ዐይነት መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ አዲስ ገጽ የሚጽፈው ማን ይሁን? በቢትኮይን ዘንድ ኮምፒውተሮቹ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል እያወጡ ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈውም ይጽፋል። ኢቴሪየም የሚባለው ግን ከመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ውድድር ትቶ፥ ጸሐፊ ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ መያዣ እንዲያስይዝ አድርጓል። በትክክል የሠራ ትርፍ ያገኛል፤ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ገጾችን የፈረመ ግን ከመያዣው ይቀጣል።

በኢቴሪየም ደንብ ለአንድ ጸሐፊ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መያዣ 32 ኢተር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች ያላቸውን እያዋጡ በአንድነት ያስይዛሉ። ይህ ማዋጫ «ፑል» ይባላል፤ እኛ የጋራ ቋት እንበለው። ቋቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ሳይሆን፥ በኮምፒውተር ፕሮግራም በተጻፈ ደንብና በብዙ አንቀሳቃሾች የሚመራ ሲሆን ያልተማከለ ይባላል።

ነገሩ እቁብን ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለው። በእቁብ ዳኛውና ጸሐፊው የታወቁ ናቸው፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። በቋቱ ግን አባሎቹ አይተዋወቁም፤ ዋሳቸውም የፕሮግራሙ ጽሕፈት ብቻ ነው። እንግዲህ ያን ጽሕፈት አንብቦ የሚመረምር ሰው በዋስ ቦታ የቆመ ያህል ነው።

2ኛ/ አደጋው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው አደጋ ገንዘቡ በተፈለገበት ጊዜ አለመገኘቱ ነው። በኢቴሪየም የመያዣው ሥርዓት በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ያስያዙ ሰዎች፥ መያዣቸውን ማውጣት የቻሉት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ሊዶ የተባለው ትልቁ ቋት ለአስያዦቹ በገበያ የሚሸጥ ደረሰኝ ይሰጥ ነበር። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች ደረሰኙን በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ቢሽቀዳደሙ ዋጋው ከኢተር ዋጋ በታች ወረደ። ከዚህ ደረሰኝ ብዙ ይዞ የነበረው ሴልሲየስ የተባለ የአሜሪካ አበዳሪ ኩባንያም በዚያው ወር ለደንበኞቹ ገንዘብ መመለሱን አቆመ፤ በሐምሌ 6 ቀንም ለፍርድ ቤት የኪሣራ ማመልከቻ አቀረበ። ለኩባንያው መውደቅ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ሆኖም ደረሰኝ ጥሬ ገንዘብ አለመሆኑን ይህ ነገር በግልጥ አሳይቷል።

ሁለተኛው አደጋ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገኝ ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሮኬት ፑል የተባለው ቋት ሥራውን ሊከፍት በተቃረበበት ሰዓት፥ የአስያዦችን ገንዘብ ለአንቀሳቃሹ አሳልፎ ሊሰጥ የሚችል ጉድለት ተገኘበት። ይኸው ጉድለት ሊዶንም የሚነካ ነበር። ያገኘውም ስቴክዋይዝ የተባለው ተፎካካሪ ቋት መሥራች ነው። ነገሩ በጊዜው ስለ ተነገረ የመክፈቻው ቀን ተላለፈ፤ ጉድለቱም ተስተካከለ።

ሦስተኛው አደጋ ከሁሉ የከፋ ስለ ሆነ በምሳሌ እንግለጠው። አንድ ነጋዴ ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር እህል ሲያስጭን በአምስት ታንኳ ቢከፋፍለው ብልህ ነው፤ አንዱ ታንኳ ቢሰጥም አራቱ ይደርሳሉና። ነገር ግን አምስቱ ታንኳዎች በአንድ ገመድ ቢታሰሩ ወይም አምስቱም ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ከአንድ ክምር ደንገል የተሠሩ ቢሆኑ፥ መከፋፈሉ ለስም ብቻ ይሆናል። ቋቱም እንዲሁ ነው። አንቀሳቃሾቹ ብዙ ቢሆኑም ሁሉም በአንድ ዐይነት ፕሮግራም የሚሠሩ ከሆነ፥ የአንዱ ስሕተት የሁሉም ስሕተት ነው። በግንቦት 3 እና 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በሁለት የታወቁ ፕሮግራሞች ላይ በደረሰ ችግር ምክንያት፥ የኢቴሪየም መዝገብ ገጾቹን የመጨረሻ አድርጎ ማጽደቅ ለጊዜው ተስኖት ነበር።

ደንቡም አብሮ ለወደቀ አይራራም። ብቻውን ያጠፋ ጸሐፊ የሚቀጣው ከመያዣው ጥቂቱን ነው፤ ብዙዎች በተቀራራቢ ጊዜ ካጠፉ ግን ቅጣቱ በቁጥራቸው ልክ ይጨምራል። ከጠቅላላው መያዣ ሲሶው በአንድነት ቢያጠፋ፥ የአጥፊዎቹ መያዣ በሙሉ እስከ መወሰድ ሊደርስ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ገደማ ሊዶ ብቻውን ከጠቅላላው መያዣ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ይዞ እንደ ነበረ ስናስብ፥ የነገሩ ክብደት ይታወቀናል።

3ኛ/ የምርመራው ወጪ

እነዚህን አደጋዎች ማጥናት ገንዘብ ይጠይቃል። ለሒሳቡ ማስረጃ ያህል በብር እንናገር። 200 ሰዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር ቢያዋጡ 10,000,000 ብር ይሆናል። ምርመራው 100,000 ብር የሚያስወጣ ቢሆን፥ ከእነርሱ አንዱ ብቻውን አይከፍለውም፤ ካስያዘው ገንዘብ እጥፍ ነውና። ሁሉም ቢያዋጡ ግን በሰው 500 ብር፥ ማለት ከመቶ አንድ ይደርሳል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ «ሌላው ይክፈል፤ እኔ ውጤቱን አነባለሁ» ብሎ ከተቀመጠ ምርመራው ሳይደረግ ይቀራል። ገንዘቡ ያለቀ ቀን ግን ሁሉም እኩል ያዝናል።

የቋቱ አንቀሳቃሽ ይክፈል የሚል ሰው ይኖራል። ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ባለ ታንኳው ራሱ ቀጥሮ ያስመረመረውን ታንኳ አምኖ እህሉን የሚጭን ነጋዴ ጥቂት ነው። የሚሻለው፥ ትርፉ ከመከፋፈሉ በፊት ጥቂቱ እየተቀነሰ በጋራ ሣጥን እንዲጠራቀም ማድረግ ነው።

ለዚህ አሠራር ምሳሌ የሚሆን አለ። በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በካርዳኖ መዝገብ ለመያዝ ኢንፑት አውትፑት ከተባለው ድርጅት ጋራ መስማማቱ ተገልጦ ስለ ነበረ፥ የካርዳኖ ስም በአገራችን እንግዳ አይደለም። ካርዳኖም በመያዣ የሚሠራ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአስያዦች ቋቶች ሥራ ሲጀምሩ በወጣው ደንብ፥ በየአምስት ቀኑ ከሚከፋፈለው ትርፍ ከመቶ 20 ወደ ጋራ ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደርጓል። ፕሮጀክት ካታሊስት በተባለው ሥርዓትም የገንዘቡ ባለቤቶች ድምፅ እየሰጡ ለልዩ ልዩ እቅዶች ከዚህ ግምጃ ቤት ወጪ ያደርጋሉ። ሣጥኑ አለ ማለት ነው፤ የአደጋ ምርመራ ከሣጥኑ ድርሻ ማግኘቱ ግን በድምፅ ሰጪዎቹ ማስተዋል ይወሰናል። ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ትርፍ ለሚያመጣ እቅድ እንጂ ጉድለት ለሚፈልግ ሥራ በቶሎ እጁን አያነሣም።

4ኛ/ ምርመራው የሚታመነው መቼ ነው?

ሀ/ መርማሪው ደመወዙን በሚመረመረው ቋት ገንዘብ ያልተቀበለ እንደ ሆነ። አለዚያ መጥፎ ወሬ ቢጽፍ የራሱ ደመወዝ ዋጋ ይረክሳል።

ለ/ ጥያቄዎቹ አስቀድመው የተጻፉ እንደ ሆነ። እነርሱም፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ደንቡን ለመለወጥ የሚችለው ማን ነው? ስንቱ አንቀሳቃሽ በአንድ ፕሮግራም ይሠራል? ገንዘቡን ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል? ኪሣራ ቢመጣ መጀመሪያ የማን ገንዘብ ይነካል?

ሐ/ ክፍያው ሥራው በተፈጸመ መጠን በየደረጃው የሚሰጥ እንደ ሆነ።

መ/ ውጤቱ ደግም ሆነ ክፉ፥ ጉድለቱ እስኪታረም ከሚያስፈልገው ጊዜ በኋላ ለሁሉ የሚገለጥ እንደ ሆነ።

የንግድ ምክር ቤት አባል በየዓመቱ መዋጮ የሚከፍለው፥ አንድ ሱቅ ብቻውን ሊያጠናው የማይችለውን ነገር በጋራ ለማጥናት ነው። ቋቱም ከዚህ ደንብ አይወጣም። ስለዚህ ስለ ስቴኪንግ ትርፍ የሚናገር ሰው በመጣ ጊዜ «ከመቶ ስንት ይገኛል?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ «ያጠናው ማን ነው? የከፈለውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለነዚህ ለሁለቱ መልስ ያላገኘ ነጋዴ ገንዘቡን በሣጥኑ ቢያቆይ የቀረበት ነገር አለ አይባልም።