«ስንት በመቶ ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ለምን አይበቃም? በብዙኃን መዋጮ የሚሠሩ ምርቶችን የአመራረት ሂደት ስለ መመርመር

መግቢያ

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሱሉልታን አልፎ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ በዚያም የነበሩ የመንግሥት ሠራተኞች የታላቁን የኢትዮጵያ ኅዳሴ ግድብ ጅማሬ የሚያስታውሱት ከደመወዛቸው በየወሩ ይቆረጥ በነበረው የቦንድ ክፍያ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያደገው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ መምህር የነበሩት አጎቱ የቦንድ ሰርተፊኬታቸውን ከልጆቻቸው የትምህርት ማስረጃ ጋር በአንድ ፖስታ ያኖሩ ነበር። የግድቡ አፈጻጸም በሬዲዮ በመቶኛ በተነገረ ቁጥር «ይህ መቶኛ የምኑ ነው? የኮንክሪቱ ነው ወይስ የማሽኑ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከቤተሰቡ መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ጥያቄው የተስፋ መቁረጥ ምልክት መስሎ የታየን ጊዜ ነበር።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ያ ጥያቄ ትክክለኛ የምርመራ ጥያቄ እንደነበረ ማሳየት ነው። ከብዙ ሰዎች በተዋጣ ገንዘብ የሚሠራ ምርት፣ የእጅ ሰዓት የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ዕቃም ትሁን ግዙፍ ተርባይን፣ ሂደቱ በአንድ ጥቅል አኃዝ ሲገለጽ አዋጪው ማወቅ የሚገባው ዋናው ነገር ይሸፈናል። ጽሑፉ የሚከራከረው መዘግየት ብቻውን የውድቀት ምልክት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የሥራውን ክፍሎች የማይለይ ሪፖርት ጥርጣሬን ሊቀሰቅስ እንደሚገባ ነው።

ዋስ የሌለው ዕቁብ

በኅብረተሰባችን ገንዘብ ማዋጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁንና በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ቀሪውን ክፍያ ቢያቋርጥ ዋሱ ይጠየቃል። በእንግዳው የብዙኃን መዋጮ ሥርዓት ግን ዋስ የለም። አዋጪው ገና ያልተመረተ ዕቃ ይታዘዛል፣ ይከፍላል፣ ከዚያም አምራቹ የሚልክለትን መግለጫ እያነበበ ይጠብቃል። ስለዚህ የዋስን ቦታ ሊይዝ የሚችለው ሊረጋገጥ የሚችል ማስረጃ ብቻ ነው።

የዘርፉ ታዋቂ መድረክ የሆነው ኪክስታርተር ይህን የተገነዘበው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ባወጣው ደንብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አቅራቢዎች በኮምፒውተር የተሣለ ምስል እንዳያሳዩ ከለከለ፤ በእጃቸው ያለውን ናሙና እንዲያቀርቡና ሥጋቶቻቸውን በግልጽ እንዲጽፉም አስገደደ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኢታን ሞሊክ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ47,000 በላይ አዋጪዎችን ጠይቆ ባቀረበው ጥናት መሠረት፣ ገንዘብ ከሰበሰቡት ፕሮጀክቶች 9 በመቶ ያህሉ ቃል የገቡትን አላስረከቡም። ያው ተመራማሪ ቀደም ሲል ባካሄደው ጥናት ደግሞ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ከቀጠሯቸው ዘግይተው እንደሚያስረክቡ አሳይቷል። ሁለቱን ግኝቶች አንድ ላይ ስናነብ፣ ብዙዎቹ ይዘገያሉ፤ የሚወድቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። አዋጪው የሚቸገረው የሚዘገየውን ከሚወድቀው አስቀድሞ በመለየት ላይ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያሳያሉ። ፔብል የተባለው የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2012 ከ68,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በመስከረም ሊያስረክብ የነበረውን ዕቃ መላክ የጀመረው በጥር 2013 ቢሆንም፣ ሰዓቶቹ ተመርተው ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። በዌልስ የተጀመረው ዛኖ የተባለ ትንሽ ድሮን ደግሞ ከ12,000 በላይ ከሆኑ አዋጪዎች 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከሰበሰበ በኋላ፣ ጥቂት መቶ ድሮኖችን ብቻ ልኮ በኅዳር 2015 ፈረሰ። ሁለቱም ዘግይተዋል፤ ሁለቱም ሥራው እየተራመደ መሆኑን ሲገልጹ ቆይተዋል። የለያቸው የመግለጫው ብዛት ሳይሆን፣ ቃል የተገባውን ተግባር የሚፈጽም ናሙና በእጅ መኖሩና ያንኑ ናሙና በብዛት ማምረት መቻሉ ነው።

የግድቡ ተርባይኖች

በአገራችን በብዙኃን መዋጮ ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ የሚልቀው የኅዳሴ ግድብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በጉባ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል፣ ሥራው በአምስት ዓመት ገደማ እንደሚጠናቀቅ ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ በቦንድ ግዢ፣ በስጦታና በ8100 አጭር የጽሑፍ መልእክት ተሳትፏል። የሲቪል ሥራውን የጣሊያኑ ሳሊኒ ሲይዝ፣ የኤሌክትሮሜካኒካልና የውኃ ብረታ ብረት ሥራው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ለሜቴክ ተሰጠ። ሜቴክም በ2005 ዓ.ም. ከፈረንሳዩ አልስቶም ጋር የተርባይንና የጄኔሬተር አቅርቦት ውል ፈጸመ።

በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ይነገር የነበረው አጠቃላይ አፈጻጸም ከ60 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰጡት መግለጫ፣ በአምስት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ ሰባትና ስምንት ዓመት ተቆጥሮም አንድ እንኳ የሚሠራ ተርባይን እንዳልነበረው ገለጹ፤ ሜቴክም ከሥራው እንዲወጣ መደረጉን አስታወቁ። ለብዙ አዋጪዎች ድንጋጤው የመጣው ከሁለቱ መግለጫዎች አለመጣጣም ነበር።

ሆኖም በስሌት ደረጃ ሁለቱ መግለጫዎች አይጋጩም። ይህን በግምታዊ ቁጥር እናሳይ። የሲቪል ሥራው ከጠቅላላው 70 በመቶ፣ የማሽን ሥራው 30 በመቶ ክብደት ተሰጥቷቸዋል እንበል። ሲቪሉ 85 በመቶ፣ ማሽኑ 20 በመቶ ቢደርስ፣ አጠቃላዩ 65.5 በመቶ ይሆናል። አኃዙ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አዋጪው የሚጠብቀው ኮንክሪት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ የሁለቱ ሥራዎች ድምር ውጤት አይደለም፤ ሁለቱም ባሉበት ብቻ ይገኛል። እንደ ሰንሰለት በተያያዘ ሥራ ውስጥ የመጨረሻውን ቀን የሚወስነው አማካዩ ሳይሆን ወደ ኋላ የቀረው ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንኑ ያጠናክራል። በ2011 ዓ.ም. የተርባይኑ ሥራ ጂኢ ሃይድሮ ፍራንስንና ቮይት ሃይድሮ ሻንጋይን ለመሳሰሉ ልምድ ላላቸው አምራቾች ተሰጠ፤ የተርባይኖቹም ቁጥር ከ16 ወደ 13 ዝቅ እንዲል ተደረገ። የሲቪሉና የኤሌክትሮሜካኒካሉ ሥራ አፈጻጸም ለየብቻ ሲነገርም ተደምጧል። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የግድቡ ሥራ የተቃናው ወደ ኋላ የቀረው ክፍል በስሙ ተጠርቶ መፍትሔ ከተፈለገለት በኋላ ነው።

አዋጪው ምን ይጠይቅ?

ከእነዚህ ጉዳዮች የሚወጣውን ትምህርት ወደ አነስተኛ ምርት እንመልሰው። የሱሉልታና የጫንጮ አካባቢ በወተት ምርቱ ይታወቃል። ነገ አንድ የተመራቂዎች ቡድን ከገበሬው እጅ እስከ መሰብሰቢያው ድረስ የወተትን ሙቀት የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ለመሥራት ከነዋሪው መዋጮ ቢጠይቅ፣ አዋጪው አምስት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የሚሠራ ናሙና አለን? ናሙናውስ የተለካው በቤተ ሙከራ ብቻ ነው ወይስ በወተት ጣሳ ውስጥ ጭምር? ሁለተኛ፣ የሰርኪዩት ሰሌዳው ንድፍ ተጠናቋል ወይስ ገና እየተለወጠ ነው? ንድፉ ሳይረጋ ለሺህ ዕቃ የሚሆን መለዋወጫ መግዛት የአዋጪውን ገንዘብ መጋዘን ውስጥ መቅበር ነው። ሦስተኛ፣ የሽፋኑ ሞልድ ተሠርቶ የሙከራ ምርት ወጥቶበታልን? ከሙከራው ምርት ስንቱ ፍተሻውን አለፈ? አራተኛ፣ ከውጭ የሚገቡት ክፍሎች ታዝዘዋል፣ ተከፍሎባቸዋል ወይስ ደርሰዋል? በውጭ ምንዛሪ እጥረት በሚፈተን ኢኮኖሚ ውስጥ እነዚህ ሦስት ቃላት ሦስት የተለያዩ ዓመታት ሊሆኑ ይችላሉ። አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ ከአምራቹ ሌላ ያየ ማን ነው?

አምስቱም «አዎን» ወይም «ገና ነው» ተብለው ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። «ገና ነው» የሚል መልስ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ሐቀኛ አምራች በብዛት የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። መልሱ ሁልጊዜ በመቶኛ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን አዋጪው ጥያቄውን መድገም አለበት።

ማጠቃለያ

ጥርጣሬ ከተስፋ ጋር የሚጻረር አድርገን መመልከታችን ጎድቶናል። ገንዘቡን ያዋጣ ሰው መጠየቁ ሥራው እንዲሳካ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚፈልግ በመሆኑ ነው። በተለይ በፕሮጀክት አመራርና በምሕንድስና ዘርፍ የምንገኝ ተመራማሪዎች የሕዝብ ገንዘብ ያለባቸው ሥራዎች ሪፖርት በጥቅል አኃዝ ሳይሆን በተለዩና በተረጋገጡ ደረጃዎች እንዲቀርብ የሚያስችሉ መለኪያዎችን ብናዘጋጅ፣ ሁለቱንም ወገኖች እናግዛለን፤ አምራቹን ከማይገባ ሐሜት፣ አዋጪውን ከዘገየ ድንጋጤ። አጎቴ ቦንዳቸውን በመግዛታቸው ተጸጽተው አያውቁም። የሚቆጫቸው ጥያቄያቸው ለዓመታት መልስ ማጣቱ ነው።